ነዳጅ የነካት ፔንግዊን ከታጠበች በኋላ

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2000፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ «ትሬዠር» የምትባል የብረት ማዕድን የጫነች መርከብ ከኬፕ ታውን ብዙም በማይርቅ ባሕር ላይ ሰጠመች። ትሬዠር ነዳጅ ጫኝ አልነበረችም። ያፈሰሰችው ለገዛ ሞተሯ የያዘችውን 1,300 ቶን ገደማ ጥቁርና ወፍራም ነዳጅ ነው። የሰጠመችበት ቦታ ግን ክፉ ነበር፤ በዳሰን ደሴትና ኔልሰን ማንዴላ 18 ዓመት በታሰሩባት በሮበን ደሴት መካከል። ሁለቱም ደሴቶች የአፍሪካ ፔንግዊን በብዛት የሚራባባቸው ናቸው፤ ይህ ወፍ ደግሞ በተፈጥሮ የሚራባው በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ብቻ ነው። ወቅቱም ፔንግዊኖቹ እንቁላል የሚያቅፉበትና ጫጩት የሚመግቡበት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የአፍሪካ ፔንግዊንን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ቁመቷ ከሰው ጉልበት እምብዛም የማያልፍ፣ ክብደቷ 3 ኪሎ ገደማ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ መብረር የማትችል፣ ውሃ ውስጥ ስትገባ ግን እንደ ልቧ የምትምዘገዘግ ወፍ ናት። ድምጿ የአህያ ነው፤ ገጠር ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢሰማት አህያ አናፋች ብሎ ይምላል። ወንዱና ሴቷ ጎጆውን በየተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሲያቅፍ ሌላው ሰርዲንና አንቾቪ ሊያድን ባሕር ይወርዳል። በነዳጅ መፍሰስ ጊዜ ይኸው ተራ መከራ ይሆንባቸዋል። ባሕር የወረደው ጠቁሮ ይመለሳል፣ ወይም ሳይመለስ ይቀራል። ጎጆ የቀረው ደግሞ ረሃቡ ሲብስበት እንቁላሉን ጥሎ ወደዚያው ነዳጅ ይወርዳል።

ብዙ ሰው ነዳጅ ወፍን የሚገድላት በመርዝነቱ ብቻ ይመስለዋል። መርዝነቱ አለ፣ እመለስበታለሁ፤ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ብርድ ነው። የወፍ ላባ ከመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ የሚወጡ ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ከክሮቹም በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች ወጥተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጥሩ ክዳን የከደነ ሰው ሣሩን ደራርቦ ዝናብ እንዳያሳልፍ እንደሚያደርገው፣ ውሃውን የሚያንሸራትተው ይህ አደራረብ ነው። ከሥሩ የታመቀው ደረቅ አየር ገላዋን ያሞቃል። ነዳጅ ሲነካው መንጠቆዎቹ ይላቀቃሉ፣ ላባው ተሰብስቦ ይጣበቃል፣ ቀዝቃዛው ባሕር በክፍተቱ ገብቶ ቆዳዋን ያገኛል። ፔንግዊኗ ሙቀቷን ለማስጠበቅ የሰውነቷን ስብ ታነዳለች፤ ስቡ ሲያልቅ ጡንቻዋን። ውሃ ውስጥ መቆየት ስለማትችል ወደ ዳርቻ ትወጣለች፤ ዳርቻ ላይ ዓሣ የለም።

ቆማም አትቀመጥም። ወፍ ላባዋ ሲበላሽባት በመንቆሯ ታስተካክላለች፤ በዚህ ጊዜ ነዳጁን ትውጠዋለች። የተዋጠው ነዳጅ አንጀቷን ያቆስላል፣ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል፣ ጉበትና ኩላሊቷን ይጎዳል። የእንስሳት ሐኪሞች ደሟን ቀድተው ሲመረምሩ የሚያገኙት የደም ማነስ ከዚህ የመጣ ነው።

አዳኞቹ መጀመሪያ የተማሩት ትልቅ ነገር ከዚሁ ይነሳል፤ ወፏ እንደመጣች አትታጠብም። ነዳጅ ለብሳ ስትንቀጠቀጥ ያየ ሰው ቶሎ ሳሙና ማንሳት ያምረዋል፤ መታጠብ ግን ለደከመች ወፍ ጤነኛን እንኳ የሚያስጨንቅ ፈተና ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ሙቀት ታገኛለች፣ ጨውና ማዕድናት ያሉበት ፈሳሽ በቱቦ ጨጓራዋ ውስጥ ይገባል፣ የተዋጠውን መርዝ የሚይዝ የከሰል ዱቄት ይሰጣታል። የደም ምርመራዋ ሲስተካከልና ኪሎዋ ሲያንሰራራ ነው ወደ መታጠቢያው የምትሄደው። ይህ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

የትሬዠር ጊዜ 19,000 ያህል ነዳጅ የነካቸው ፔንግዊኖች ተሰበሰቡ። የባሕር ወፎችን የሚያክመው የሳንኮብ ግቢ ይህን ሁሉ መያዝ ስላልቻለ በኬፕ ታውን ሶልት ሪቨር ሰፈር አንድ ትልቅ የባቡር መጋዘን ተለቀቀ። ክብ ክብ ገንዳዎች ተደረደሩ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ባለሙያዎች ሲመሩ፣ 12,500 ያህል በጎ ፈቃደኞች በተራ ሠሩ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ፔንግዊን በእጃቸው ነክተው የማያውቁ የከተማው ሰዎች ነበሩ።

ሥራው ቀላል አይደለም። ፔንግዊን የሞተ ዓሣ ዓሣ አይመስላትም፤ ባሕር ውስጥ የምትበላው የሚሸሽ ነገር ነው። ስለዚህ መጋቢው መሬት ላይ ተንበርክኮ በጉልበቶቹ መካከል ይይዛታል፣ መንቆሯን በጣቱ ይከፍታል፣ ሰርዲኑን በራሱ በኩል አስቀድሞ ወደ ጉሮሮዋ ይገፋል። እሷም ትነክሳለች። መንቆሯ ስለታም፣ ክንፏም አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ ወፍራም ጓንትና የላስቲክ ልብስ ለብሰው የሚሠሩት እንኳ ክንዳቸው በብልዝና በጭረት ይሞላል። ይህ በቀን ሺህ ጊዜ፣ በማግስቱም እንደገና ሺህ ጊዜ ይደረጋል።

እጥበቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጥባል። ነዳጁ ደርቆ ከያዘ በቅድሚያ ከአትክልት ዘይት የተሠራ ማለስለሻ ይረጭበታል። ከዚያ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ እኛ ላርጎ በምንለው ዓይነት፣ ከአንገት እስከ ጅራት ትታሻለች። ራሷ ላይ፣ ዓይኗ ዙሪያ ያለው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይነሳል። ውሃው ሲጠቁር ይደፋል፣ ሌላ ይቀዳል፣ እንደገና ይጠቁራል። አንዷን አጥቦ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከማጠቡ ይልቅ ግን ማለቅለቁ ነው ልምድ የሚጠይቀው። ላባ ላይ የቀረ ሳሙና እንደ ነዳጁ ሁሉ ውሃ ያስገባል። በግፊት የሚወርደው ውሃ ሳሙናውን ጨርሶ ሲያወጣው ላባው በዓይን ፊት ይለወጣል፤ ረጥቦ የተኛው ቀና ይላል፣ ውሃውም እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል።

ሳሙና የመጣው ከብዙ ውድቀት በኋላ ነው። በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ መግቢያ ላይ፣ ጎልደን ጌት ድልድይ ሥር፣ ሁለት ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በጉም ውስጥ ተጋጩ። 7,000 ያህል ወፎች ተሰብስበው 300 ገደማ ብቻ ተረፉ። ያኔ ሰዎች ወፎቹን በቀለም ማቅጠኛና በመሳሰለው ሁሉ ለማጠብ ይሞክሩ ነበር። አሊስ በርክነር የምትባል ነርስ ያን አይታ የወፎች ማዳኛ ድርጅት መሠረተች። ድርጅቱ ገበያ ላይ ያሉ ሳሙናዎችን አንድ በአንድ እየፈተነ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ «ዶውን» የሚባለው የዕቃ ማጠቢያ ነዳጁን በፍጥነት እንደሚያነሳ፣ ላባውንና ቆዳውን ደግሞ እንደማይጎዳ አረጋገጠ። በደቡብ አፍሪካ ሳንኮብን ያቋቋመችው አልቲያ ዌስትፋል ስትሆን ዓመቱ 1968 ነበር። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ከ90,000 በላይ የባሕር ወፎችን ተቀብሏል።

ሳንኮብም መራራ ትምህርት አለው። በ1994 «አፖሎ ሲ» የተባለች መርከብ እዚያው አካባቢ ከነመርከበኞቿ ስትሰጥም 10,000 ያህል ፔንግዊኖች ነዳጅ ነካቸው። የተረፉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ብዙዎቹ ያለቁት ሳይታጠቡ፣ በቂ አየር በሌለው መኪና ታጭቀው ሲጓጓዙ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ትሬዠር ስትሰጥም ማጓጓዣው አየር የሚያስገባ ሣጥን ሆኖ ነበር። ከ19,000ዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ድነው ባሕር ገቡ። የሁለቱን አደጋዎች ቁጥር ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የተጨመረው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን የተማሩትን መመዝገብና በተመዘገበው መሥራት ነው።

በዚያው ጊዜ የተደረገ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ከእጥበቱ ሁሉ አስበልጬ የማየው እሱን ነው። በደሴቶቹ ላይ ገና ነዳጅ ያልነካቸው 19,500 ያህል ፔንግዊኖች ነበሩ። ከትንሽ ቀን በኋላ ተርበው ወደ ተበከለው ባሕር መውረዳቸው አይቀርም። አጥሮ መያዝ እንደማያዋጣ ስለታወቀ፣ ተይዘው በጭነት መኪና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፖርት ኤልዛቤት ተወሰዱና ባሕር ተለቀቁ። ቤታቸው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፔንግዊን መራቢያዋን ስለማትስት ዋኝታ እንደምትመለስ ይታወቃል፤ እሷ እስክትደርስ ሰዎች ባሕሩን ያጸዳሉ። ፒተር፣ ፐርሲና ፓሜላ ተብለው በተሰየሙ ሦስቱ ጀርባ ላይ የሳተላይት መከታተያ ተደርጎ ጉዟቸው በኢንተርኔት በየቀኑ ይታይ ነበር። በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመላሾቹ መድረስ ሲጀምሩ ነዳጁ በአብዛኛው ተነሥቶ ነበር።

ያልቆሸሸን ወፍ ከማራቅም የተሻለ አለ፤ ነዳጁ እንዳይፈስ ማድረግ። በቀይ ባሕር፣ የመን ጠረፍ ላይ ለዓመታት ስትዝግ የኖረችው «ሴፈር» የተባለች መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ነበር። በኦገስት 2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ አለቀ። ነዳጃችን በጅቡቲ በኩል ለሚመጣልን ለእኛ ይህ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንምጣ፤ ታጥባ የተለቀቀችው ወፍ ትኖራለች? ለረጅም ጊዜ የድል መለኪያው ስንት ወፍ ባሕር ገባ የሚለው ነበር። በ1996 ብራያን ሻርፕ የተባለ ተመራማሪ በሰሜን አሜሪካ እግራቸው ላይ ቀለበት ታስሮ የተለቀቁ የባሕር ወፎችን መዝገብ አገላብጦ ብዙዎቹ የኖሩት በቀናት የሚቆጠር ዕድሜ እንደነበር አሳየ። «ከማጠብ በክብር መግደል ይሻላል» የሚለው ክርክር አሁንም ድረስ ትልቅ አደጋ በደረሰ ቁጥር ይነሳል። ክርክሩን በንቀት ማለፍ አይገባም። የሻርፕ መዝገብ በአብዛኛው ከድሮው አሠራር የመጣ ቢሆንም፣ ሕይወቷን በሙሉ ባሕር ላይ የምታሳልፍ ስስ ወፍ እስራቱንና እጥበቱን እንደማትችለው ያሳየው ነገር እውነት አለው።

ፔንግዊን ግን ጠንካራ ናት። የብስ ላይ መዋል ለምዳለች፣ ረሃብ ትችላለች። ከትሬዠር በኋላ ተመራማሪዎች በደሴቶቹ ላይ ዓመት ከዓመት እየተመላለሱ ታጥበው የተለቀቁትን በታሰረባቸው የቀለበት ቁጥር ፈለጉ። ብዙዎቹ ቤታቸው ተመልሰው፣ ጎጆ ይዘው፣ እንቁላል ጥለው ተገኙ። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ፒተር ራያን በ2003 ባወጣው ስሌት፣ የማዳን ሥራው ባይኖር ኖሮ ከሚሆነው ቁጥር ይልቅ የአፍሪካ ፔንግዊን 19 በመቶ በልጦ ነበር። በሌላ በኩል፣ ነዳጅ ነክቷቸው የዳኑት የሚፈለፍሉት ጫጩት ጎጆ እስከሚለቅበት ዕድሜ የመድረስ ዕድሉ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጫጩቱ አድጎ ብዙ ዓሣ በሚጠይቅበት ጊዜ ወላጆቹ የሚያቅታቸው ይመስላል። ነዳጁ ከላባ ቢነሳም ከሰውነት ውስጥ ምን እንደተወ የሚጠይቀው ምርምር የተነሣው ከዚህ ነው። ወላጅ አጥተው በሰው እጅ ያደጉት ጫጩቶች ደግሞ፣ ከ3,000 በላይ ነበሩ የተሰበሰቡት፣ ከዳኑት መካከል ለመራባት የደረሱት በዱር ካደጉት እንደማይተናነሱ ታየ።

ምርምሩ ራሱንም መርምሯል። ፔንግዊኖቹ የሚታወቁት በመቅዘፊያ ክንፋቸው ላይ በሚታሰር የብረት ቀለበት ነበር። በ2011 በንጉሥ ፔንግዊን ላይ የተደረገ የአሥር ዓመት ጥናት፣ ቀለበቱ ዋናቸውን እያከበደ ዕድሜያቸውንም ልጆቻቸውንም እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ከቆዳ ሥር የሚገባ ጥቃቅን ቺፕ ነው።

በዚህ ሙያ በተቋም ደረጃ ከተደራጁት አንዱ ነዳጅ የነካቸውን እንስሳት የሚያክመው የካሊፎርኒያው መረብ ነው፤ በ1994 በዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ተቋቋመ። ገንዘቡ የሚመነጨው በነዳጅ ላይ በበርሜል ከሚሰበሰብ ክፍያ ነው፤ አደጋ በሌለ ጊዜም ሠራተኛ ይሰለጥናል፣ ምርምር ይደገፋል። አደጋ እስኪደርስ ጠብቆ ገንዘብ ከመለመን ይህ እጅግ ይሻላል። በአውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ነዳጁን ያለ ውሃ የሚያነሳ የብረት ዱቄት ተሠርቷል። ዱቄቱ ላባው ላይ ይነሰነሳል፣ ነዳጁን ይይዛል፣ ከዚያ በማግኔት ይለቀማል።

የአፍሪካ ፔንግዊን ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ሳልናገር ባልፍ ግን አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። በ2024 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስገብቶታል፤ የቀሩት የሚራቡ ጥንዶች ከ10,000 በታች ናቸው። ዋናው ጠላት አሁን ረሃብ ነው፤ ሰርዲኑና አንቾቪው በንግድ አጥማጆች መረብና በባሕሩ መለዋወጥ ምክንያት ከደሴቶቹ ርቋል። ስለዚህ ሳንኮብ ከመታጠቢያው ወጥቶ፣ ከወፍ ጥበቃው ድርጅት ከበርድላይፍ ደቡብ አፍሪካ ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት ቆመ። በማርች 2025 የተሰጠው ትእዛዝ በስድስት ዋና ዋና መራቢያዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ በንግድ መረብ እንዳይጠመድ ለአሥር ዓመት ይከለክላል። ከስድስቱ መካከል ዳሰንና ሮበን አሉ።