ቀለም የቀረበት ፀጉር

የመጀመሪያ ሽበቴን ያገኘችው ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ናት። 23 ዓመቴ ነበር። ፀጉሬን እየከፈለች ሳለ እጇ ቆም አለና፣ ሌላ ደንበኛ እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልንቀልልሽ?" አለችኝ። ነቅላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ጫፉ ጥቁር፣ መሃሉ ቡናማ፣ ሥሩ ደግሞ እንደ ናይለን ክር ብርሃን የሚያሳልፍ ነበር። የራስ ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ቀለሙ መሳሳት የጀመረው ማንም ሳያየው፣ ከብዙ ወራት በፊት ነበር ማለት ነው።

ሽበት ላይ ነጭ ቀለም የለም። ፀጉር የተሠራበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን በራሱ ቀለም አልባ ነው። ጥቁረቱን የሚሰጡት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው፤ ፀጉሩ በሚበቅልበት ጠባብ የቆዳ ጉድጓድ ግርጌ ተቀምጠው፣ ዘለላው እየተገፋ ወደ ላይ ሲወጣ ሜላኒን ያጎርሱታል። ጉርሻው ሲቀር ብርሃን በባዶው ዘለላ ውስጥ ይበተናል፤ ዓይናችንም ነጭ አድርጎ ያየዋል።

አንድ የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት አድጎ ያርፋል፣ ይረግፋል፣ ከዚያው ጉድጓድ ሌላ ይበቅላል። በየዙሩ የቀድሞዎቹ ቀለም ሠሪዎች ስለሚያልቁ፣ ከግርጌው ከፍ ብለው የተቀመጡ ተጠባባቂ ሕዋሳት ተተኪ ያፈራሉ። ተጠባባቂዎቹ ሲመናመኑ ቀጣዩ ፀጉር ጉርሻ የሚሰጠው አያገኝም። በ2023 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ሌላም ነገር አይተዋል፦ ተጠባባቂዎቹ ሳይሞቱ፣ መካከል ቦታ ላይ ተቸክለው ይቀራሉ። ቀለም ሥሩ የሚል መልእክት የሚደርሳቸው ወደ ታች ሲወርዱ ነው፤ እነሱ ግን አይወርዱም። ይህ በሰውም ላይ ከተረጋገጠ፣ የሸበተ ጉድጓድ ሁሉ ባዶ አይደለም ማለት ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

ሐኪሞች ያለ ዕድሜው መጣ የሚሉት ሽበት በአፍሪካውያን ከ30፣ በእስያውያን ከ25፣ በነጮች ደግሞ ከ20 ዓመት በፊት የታየውን ነው። ዋናው ምክንያት ዘር ነው። በ2016 ከ6 ሺህ በላይ የላቲን አሜሪካ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አይአርኤፍ4 የተባለ ዘረመል ከሽበት ጋር ዝምድና እንዳለው አሳይቷል፤ ብቻውን ግን አይወስንም። የእኔን የሚያስረዳው የአባቴ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ሙሽራው 28 ዓመቱ ነው፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ግን ነጭ ነው።

"አንዱን ብትነቅይ ሰባት ሆኖ ይመጣል" ሲሉኝ ኖረዋል። ከአንድ ጉድጓድ የሚወጣው ያው ፀጉር ነው፤ የጎረቤቱን ቀለም የሚነካበት መንገድ የለውም። መንቀሉ ግን ሥሩን እየጎዳ ጭራሽ እንዳይበቅል ሊያደርግ ይችላል። "ሐሳብ አሸበተው" የሚለው አባባል ግን እውነት አለበት። በ2020 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ አይጥ ስትጨነቅ ነርቮቿ የሚረጩት ኖርአድሬናሊን ተጠባባቂዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለሥራ ያስነሣቸዋል፤ መጠባበቂያውም ያልቃል። በቀጣዩ ዓመት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የ14 ሰዎችን ፀጉር ዘለላ በዘለላ መረመሩ። ከእነዚህ አንዱ ለእረፍት በሄደበት ጊዜ አምስት ሽበቶቹ ከሥራቸው መልሰው ጠቁረው ተገኙ። ዘለላው ጉዞውን መዝግቦ ስለሚይዝ ነው ይህ ሊታወቅ የቻለው። ከዚህ ተነሥቶ "ዘና በል፣ ይጠቁርልሃል" ማለት ግን አይገባም፤ የተመለሱት ጥቂት ዘለላዎች ናቸው።

ሽበት በወጣትነት በድንገት ሲበዛ፣ በተለይ ድካም ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ከታከለበት፣ ደም መመርመር ተገቢ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ፀጉር ያሸብታሉ፤ በጊዜ ከታከሙ ቀለሙ የሚመለስላቸው አሉ። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይገኛል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ አንድ ሁዳዴ ብቻውን አያጎድለውም፤ ይልቅ ቫይታሚኑን መምጠጥ ያቃተው ጨጓራና አንጀት ነው መፈተሽ ያለበት። ማጨስም ከቀደመ ሽበት ጋር ተያይዟል።

ከዚያ በኋላ የቀለሙ ጥያቄ ይመጣል። ሳይለቅ የሚቆየው ቀለም ሲገዛ ቀለም አይደለም። በአንደኛው ጠርሙስ ፒፒዲ የተባለውን የመሰሉ፣ ቀለም የሌላቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች አሉ፤ በሌላኛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። አብሯቸው ያለው አሞኒያ የፀጉሩን ቅርፊት ያሳብጥና በር ይከፍትላቸዋል፤ ውስጥ ገብተው ከፐርኦክሳይዱ ጋር ሲገናኙ እርስ በርስ ተያይዘው ጥቁር፣ በገቡበትም መውጣት የማይችሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ይሆናሉ። ለዚህ ነው የማይታጠበው።

እኔ 29 ዓመቴ ላይ ተቀባሁ። ቀለሙ አማረብኝ፤ በማግስቱ ግን የዓይኔ ቆቦች አብጠው አልከፈት አሉ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። የቆዳ ሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ "ጥቁር ሂና ተነቅሰሽ ታውቂያለሽ?" የሚል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለዘመድ ሠርግ፣ እጄ ላይ ተስሎልኝ ነበር። ትክክለኛው ሂና የቅጠል ዱቄት ነው፤ የሚሰጠውም ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነው፤ የአገራችን እንሶስላም፣ ተክሉ ሌላ ቢሆንም፣ እንዲሁ ያቀላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኩል የመሰለ ጥቁር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ ስለተቀላቀለበት ነው፤ መጠኑንም የሚለካው የለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በፀጉር ቀለም ውስጥ ራስ ላይ የሚደርሰው ፒፒዲ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ያ የሠርግ ጌጥ ሰውነቴን ጠላቱን እንዲለይ አስተምሮት ኖሯል፤ ጦርነቱ የተነሣው ከሁለት ዓመት በኋላ ራሴ ላይ ነው። አንዴ የተማረውን ደግሞ አይረሳም፤ ስለዚህ የውበት ሳሎን ቀይሬ መሞከር አልችልም።

ካንሰርን የሚፈሩ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ለይቶ ያስጠነቀቀው ለፀጉር ሠሪዎች ነው፦ ሥራቸውን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ተርታ አስቀምጦታል። በቤት የሚቀባውን በተመለከተ ግን ማስረጃው አይበቃም ብሏል። በ2020 የወጣ፣ 117 ሺህ ያህል አሜሪካውያት ነርሶችን የተከታተለ ጥናትም ለአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች የጎላ አደጋ አላገኘም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ግን፣ ሳይለቅ የሚቆይ ቀለም በሚቀቡ ጥቁር ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር 45 በመቶ በዝቶ ታይቷል። ምክንያቱ ቀለሙ መሆኑ አልተረጋገጠም። እኔ ግን ቁጥሩን ለእህቶቼ ሳልነግር አላልፍም። ቀለም የምትቀባን ልጅም ጓንትሽን አድርጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ እላታለሁ፤ ደንበኛ በሁለት ወር አንዴ የሚተነፍሰውን እሷ በየቀኑ ነው የምትተነፍሰው።

እኔ ሽበቴን ትቼዋለሁ። ታናሽ እህቴ ግን 27 ዓመቷ ነው፤ ታክሲ ላይ ረዳቱ "እማማ፣ ጠጋ ይበሉ" ካላት ወዲህ ልትቀባ ቆርጣለች። መብቷ ነው፤ ሰው እንዲያያት የፈለገችውን ያህል ወጣት ናት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። ሐሙስ ማታ ከቀለሙ ጥቂት በጥጥ ነክራ ከጆሮዋ ጀርባ አስነካችው፤ 48 ሰዓት ጠበቅን። ቅዳሜ ማታ መብራት ሥር አስቀምጬ ፀጉሯን ገለጥኩ። ቅላት የለም፣ ማሳከክ የለም። እሑድ ትቀባለች።