የስኳር ፈትል ጥበብ

በእንግሊዝ አገር፣ እንዲሁም የእንግሊዞች ልማድ በዘለቀባቸው በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ፣ የሰርግ ኬክ ሲያጌጥበት የኖረ፣ ከእንቁላል ነጭና ከላመ ስኳር ተመትቶ የሚዘጋጅ፣ ሮያል አይሲንግ የሚባል የስኳር ልስን አለ። ይህ ልስን በኬኩ ላይ ተቀብቶ የሚታየው ወፍራም ጸዓዳ ሽፋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ ብዙ መናገር ባላስፈለገም ነበር፤ ዳሩ ግን ያው ልስን ሾጣጣ ሆኖ በተጠቀለለ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ ቀዳዳው ከመርፌ ዓይን ብዙ በማይሰፋ የብረት አፍንጫ ሲወጣ፣ በባለሙያ እጅ ዳንቴል ይሆናል፣ መረብ ይሆናል፣ ከኬኩም ገጽ ተለይቶ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ክር ይሆናል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ረቂቁን ሥራ ነው።

የሥራውን ባሕርይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የውሃውን ነገር መመርመር ይገባዋል። ያንድ እንቁላል ነጭ ከ30 እስከ 35 ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ፣ የቀረው ደግሞ አብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ በዚህም ላይ 200 ግራም ያህል የላመ ስኳር ይጨመርበታል። ውሃ ሳይሞቅ ሊያሟሟ የሚችለው ስኳር ከራሱ ክብደት እጥፍ ያህሉን ብቻ ስለ ሆነ፣ በነጩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 ግራም ያህሉን ካሟሟ በኋላ ዐቅሙ ያልቃል፤ ከሁለት ሦስተኛው የሚበልጠው ስኳር ሳይሟሟ፣ ደቃቅ ቅንጣት እንደ ሆነ፣ በፈሳሹ መካከል ተበትኖ ይቀራል። ልስኑ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ የሚቆየው ስለዚህ ነው። ክሩ ከአፍንጫው ወጥቶ ነፋስ ሲያገኘው ውሃው ቀስ በቀስ ይተንና፣ ሟሙቶ የነበረው ስኳር ወደ ክሪስታልነት ተመልሶ ያልሟሙትን ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል፤ ፕሮቲኑም በመካከላቸው ተዘርግቶ ያጸናቸዋል። እንግዲህ ውሃ በዚህ ሥራ ሲገባ ስኳሩን ለእጅ የሚያለዝብ፣ ሲወጣ ጌጡን የሚያጸና፣ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ የሚያፈርስ ነውና፣ የባለሙያው ብልኀት በአብዛኛው የውሃውን መግቢያና መውጫ ጠብቆ መገኘት ነው።

ልስኑን ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል፤ የሚሰነክለው ግን ጥቂት ነገር ነው። ነጩ ከአስኳሉ ሲለይ አንዲት ጠብታ አስኳል ብትከተለው፣ ወይም የሚመታበት ጐድጓዳ ሳህን ቅባት ነክቶት ከነበረ፣ ስብ የፕሮቲኑን አረፋ ስለሚያፈርስ ልስኑ ልል ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህም ጠንቃቆቹ፣ ፕላስቲክ በጭረቱ መካከል ቅባት ስለሚደብቅ፣ የብርጭቆ ወይም የብረት ሳህን ይመርጣሉ። ጥቂት የሎሚ ጭማቂ አረፋውን ያጠነክረዋል፤ ሲበዛ ግን ክሩን ተሰባሪ ያደርገዋል። ለቀጭኑ አፍንጫ የሚሆነውን ስኳር በተራ ወንፊት መንፋት ስለማይበቃ በናይሎን ስቶኪንግ የሚነፉት አሉ፤ አንዲት ያልላመች ቅንጣት ቀዳዳውን ትደፍናለችና። አመታቱም ቢሆን በዝግታ ነው፤ በፍጥነትና በብዙ አየር የተመታ ልስን ለዓይን ያማረና የተነፋ ሆኖ ሳለ፣ በክሩ ውስጥ የገባችው የአየር አረፋ አፍንጫው ጫፍ ላይ ስትፈነዳ ክሩ ይበጠሳል። ጥሬ የእንቁላል ነጭ ሳልሞኔላ የሚባለውን የበሽታ ተሐዋሲ ሊይዝ ስለሚችል፣ ዛሬ ብዙዎች የደረቀና የተፈጨ ነጭ በውሃ በጥብጠው ይሠራሉ፤ እኔም ለሽያጭ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሌላ መንገድ ባይመርጥ እወዳለሁ።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። ጀማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ሲጽፍ እንደ ለመደው አፍንጫውን በኬኩ ገጽ ላይ እየጐተተ መስመር ሊያሰምር ይሞክራል፤ የሚወጣለትም የተንቀጠቀጠና የተቈራረጠ መስመር ነው። የለመደው ግን አፍንጫውን በመነሻው ነጥብ ላይ ጥቂት አስነክቶ፣ ከረጢቱን እኩል በሆነ ኀይል እየጨመቀ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ክሩም ከነጥቡ ተያይዞ፣ ገጹን ሳይነካ፣ በአየር ላይ ይረዝማል፤ ከዚያ እጁ ወደ መድረሻው ሲሄድ ክሩ በገዛ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ይከተለዋል፤ መድረሻው ላይ ሲደርስም መጭመቁን ትቶ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። መስመሩን የሚያቀናው ስበት እንጂ እጅ አይደለም ማለት ይቻላል፤ የእጅ ድርሻ እኩል መጭመቅና በጊዜ ማቆም ብቻ ነው። የተሳሳተው ክር ሳይደርቅ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ጫፍ ይነሣል ወይም ይቀናል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ማረም የለም።

ዳንቴሉ በኬኩ ላይ አይሠራም። በቅድሚያ ሥዕሉ በወረቀት ይነደፍና፣ በላዩ ሰም የተቀባ ወረቀት ወይም ግልጽ ፕላስቲክ ይነጠፍበታል፤ ባለሙያዋም ከሥር የሚታየውን ንድፍ ተከትላ፣ የጥፍር ስፋት ያህል የሆኑትን ቅርጾች በቀጭኑ አፍንጫ አንድ በአንድ ታወጣቸዋለች። በእያንዳንዱ ቅርጽ ውስጥ መስመር ሁሉ ከመስመር ጋራ መነካካት አለበት፤ አንዱ ጫፍ ሳይገናኝ ከቀረ በሚነሣበት ጊዜ ከዚያው ይሰበራል። አድረው ሲደርቁ በስስ ስፓቱላ ከወረቀቱ ይላቀቃሉ፤ ከዚያም በኬኩ ጠርዝ ላይ ሁለት የልስን ነጥብ ይደረግና፣ ቅርጹ በእነርሱ ላይ ጋደል ብሎ እንዲቆም ይያዛል። ከሚፈለገው ቍጥር በላይ አትርፎ መሥራት የተለመደ ነው፤ የሚሰበረው ብዙ ነውና። ሰፋ ያለ ቅርጽ ሲፈለግ ደግሞ ዙሪያው በክር ከታጠረ በኋላ፣ በጥቂት የውሃ ጠብታ የቀጠነ ልስን፣ ይኸውም ሲነካኩት ምልክቱ በ10 ሰከንድ ያህል ውስጥ የሚጠፋው፣ መካከሉን ይሞላዋል፤ እንዲያብረቀርቅም በመብራት ሙቀት ሥር ፈጥኖ እንዲደርቅ ይደረጋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አውስትራሊያውያን ያዳበሩት የድልድይ ሥራ ነው። በኬኩ ግርጌ ዙሪያውን አንድ መስመር ይሰመርና ሲደርቅ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ እየተደራረበ፣ ከኬኩ ጐን ወደ ውጭ የወጣ ቀጭን መደርደሪያ ይሆናል፤ ከዚያ በኬኩ ጐን ከፍ ብሎ ምልክት ከተደረገበት መስመር ጀምሮ እስከዚህ መደርደሪያ ጫፍ ድረስ ክሮች ቍልቍል ይዘረጋሉ፤ በየሁለቱ ክሮች መካከል ሦስተኛ ክር ማስገባት የማይቻል እስኪሆን ተጠጋግተው መሰለፍ አለባቸው። ከክሩ ኋላ ባዶ አየር እንጂ ሌላ ነገር የለም። ይህ በተሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ ሰው ቢደናቀፍ የሚሆነውን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የታሪኩ ነገር ወደ ኋላ ይሄዳል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1769 የታተመው የኤሊዛቤት ራፋልድ የቤት ባልትና መጽሐፍ፣ የሙሽራ ኬክ በመጀመሪያ በአልሞንድ ማርዚፓን፣ በላዩም በእንቁላል ነጭና በስኳር እንዲለበስ አስተምሯል። በዚያ ዘመን በሚገባ የነጣ ስኳር ውድ ስለ ነበረ፣ የኬኩ ንጣት የባለቤቱን ሀብት መስካሪ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1840 ልዑል አልበርትን ስታገባ የቀረበው ኬክ 300 ፓውንድ ያህል ይመዝን ነበር፤ በአናቱ ላይ የብሪታንያ አምሳል ሆና የተቀረጸችው ሴት ሙሽሮቹን ስትባርክ፣ በሙሽራው እግር ሥር የታማኝነት ምልክት የሆነ ውሻ፣ በሙሽራዪቱ እግር ሥር ርግቦች ነበሩ፤ የፍቅር ሕፃን ኩፒድም በመጽሐፍ ላይ የተክሊሉን ዕለት ሲጽፍ ይታይ ነበር። ለኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ያለው የምስል ብዛት የጥበብን ልክ ከማሳየት ይልቅ የቤተ መንግሥትን ምኞት ያሳያል፤ አንዲት በቅጡ የተዘረጋች ክር ከዚያ ሁሉ ምስል ትበልጥብኛለች።

ከዚያ በኋላ ስሙ ጐልቶ የሚነሣው እንግሊዛዊው የኬክ ጌጥ ባለሙያ ጆሴፍ ላምቤዝ ሲሆን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1934 ታትሟል። የእርሱ ሥርዓት መስመርን በመስመር ላይ፣ ከወፍራሙ አፍንጫ ወደ ቀጭኑ እየወረዱ፣ ደጋግሞ መደራረብ ነው፤ የብራና መጻሕፍታችንን ሐረግ አዘውትሮ ያየ ሰው፣ ያ ሐረግ ከብራናው ተነሥቶ ግዘፍ ቢነሣ ምን እንደሚመስል ከላምቤዝ ኬክ ሊረዳ ይችላል። ብዙም ሳይቈይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1940 በብሪታንያ ስኳር በራሽን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኬክን በስኳር ልስን አልብሶ መሸጥ ተከለከለ፤ ሙሽሮችም አንዲት ትንሽ ኬክ ጋግረው፣ በላይዋ በልስን አምሳል የተሠራ የካርቶን ሽፋን ተከራይተው ይደፉባት ጀመር። ራሽኑ ገና ሳይነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ፣ ማክቪቲ ኤንድ ፕራይስ የተባለው ድርጅት ከአውስትራሊያ በስጦታ በተላከ ግብዓት ባለ አራት ደርብ፣ ቁመቱ 9 ጫማ የሆነ ኬክ ሠርቷል። ስኳር ከራሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

ጌጡ በሚበላበት ቦታ የሚገጥመውም ፈተና ያው የውሃ ፈተና ነው። ዳንቴሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር እርጥበት ስቦ ይለዝባል፤ እርጥብ በሆነ ሙስ ወይም አይስክሬም ላይ ከተቀመጠም ብዙ ሳይቈይ ይሟሟልና፣ ሳህኑ ወደ ማዕድ ሊወጣ ሲል ብቻ ይደረጋል፤ አንዳንዶችም የታች ገጹን በቀለጠ ነጭ ቸኮላት ይቀቡታል። የኬክ ሽፋን በቢላ እንዲቈረጥ ሲፈለግ ለ450 ግራም ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ይጨመራል፤ ግሊሰሪን ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀር ሽፋኑ አይደነድንም። ለዳንቴልና ለድልድይ ግን ፈጽሞ አይገባም። በአዲስ አበባ ይህን የሚሞክር ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጌጡ አልደርቅ ቢለው ሊደነቅ አይገባውም፤ የሰርጉ ወር ጥር ግን አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ልስኑ ለጾም ኬክ በእንቁላሉ ምክንያት ባይሆንም፣ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ሲመታ እንደ ነጩ አረፋ እንደሚሆን ከታወቀ ወዲህ፣ በእርሱ የሚሠራ የጾም ልስንም አለ።

ዛሬ አብዛኛው የሰርግ ኬክ ፎንዳንት በሚባል የስኳር ሊጥ ይለበሳል፤ ለቆራጩም ለጋጋሪውም ይቀላልና ይህ የሚነቀፍ አይደለም። የላምቤዝ ስምም በወጣቶች ዘንድ እንደ ገና ተነሥቷል፤ ነገር ግን አሁን በስሙ የሚጠሩት ባለ ቀለም ኬኮች ብዙዎቹ በቅቤ ክሬም የተሠሩ ናቸው። ክሬሙ ለአፍ ይለሰልሳል፣ የሐረጉንም ገጽታ በሚገባ ያወጣዋል፤ ሆኖም ቅቤ እንደ ልስኑ ውሃ አስወጥቶ ስለማይጠነክር፣ በአየር ላይ የተዘረጋ ክሩ ብዙ ሳይቈይ ወደ ታች ይረግባል።