የሕዋስ አስኳል መዋቅራዊ ፕሮቲኖች በአጥንት ሳርኮማ ጠባይ ላይ ያላቸው ድርሻ፤ ከጋሞ ዞን የሕክምና አገልግሎት አንጻር

መግቢያ

የአጥንት ሳርኮማ በአጥንት ውስጥ የሚነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃ የካንሰር ዓይነት ነው። ከሌሎች ካንሰሮች አንጻር በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ቢታይም በዕድገት ላይ ያለን ልጅ እግር፣ ብሎም ሕይወት የሚነጥቅ በመሆኑ ጉዳቱ ከቁጥሩ በላይ ነው። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ኦስቲዮሳርኮማና ኢዊንግ ሳርኮማ ናቸው። ኦስቲዮሳርኮማ በአብዛኛው በጉልበት አካባቢ፣ ማለትም በጭን አጥንት የታችኛው ጫፍና በቅልጥም የላይኛው ጫፍ ላይ ይነሣል። ኢዊንግ ሳርኮማ በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይታይም፤ ኦስቲዮሳርኮማ ግን በሁሉም የዓለም ክፍል ይገኛል።

ሕሙማንን በአብዛኛው ለሞት የሚዳርገው በአጥንቱ ላይ ያለው ዕጢ ሳይሆን ወደ ሳንባ የሚደረገው ሥርጭት ነው። ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት፣ እግራቸው ተቆርጦላቸው እንኳ ከኦስቲዮሳርኮማ ሕሙማን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሥርጭቱ ሳቢያ ይሞቱ ነበር። ይህም የካንሰር ሕዋሳት ዕጢው ከመወገዱ አስቀድሞ ከቦታቸው መነሣታቸውን ያመለክታል። እነዚህ ሕዋሳት ጠባቡን የሕብረ ሕዋስ ቀዳዳ እንዴት አልፈው እንደሚሄዱ ለመረዳት ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ሕዋሱ አስኳል አዙረዋል።

የአስኳሉ መዋቅር

አስኳል፣ በሌላ ስሙ ኑክሊየስ፣ ከሕዋሱ ክፍሎች ሁሉ ትልቁና ጠንካራው ነው። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ላሚን ከተባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ ቀጭን መረብ ተዘርግቷል። ላሚን ኤና ላሚን ሲ በአንደኛው ክሮሞሶም ላይ ከሚገኝ ከአንድ ዘረ መል የሚመነጩ ሲሆን የላሚን ቢ ዓይነቶች የየራሳቸው ዘረ መል አላቸው። አሠራሩ በጨንቻ ደጋ ከሚታየው የዶርዜ ቤት ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ቤቱን ቅርጽ ሰጥቶ የሚያቆመው የተጎነጎነው ቀርከሃ ነው፤ በላዩ ያለው ልባስ ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። ልዩነቱ የላሚን መረብ እንደ ሁኔታው የሚጠብቅና የሚላላ መሆኑ ነው።

መረቡ ከአስኳሉ ውጪ ካለው የሕዋሱ አጽም ጋር ሰን እና ነስፕሪን በተባሉ ፕሮቲኖች ይገናኛል። በዚህም ምክንያት ሕዋሱ ከውጭ የሚደርስበት ግፊትና ውጥረት እስከ አስኳሉ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የላሚን ኤ መጠን ከሕብረ ሕዋሱ ጥንካሬ ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳይተዋል። መጠኑ ለስላሳ በሆነው አንጎል ዝቅተኛ፣ በአጥንት ደግሞ ከፍተኛ ነው።

መረቡ ሲላላ የሚከተለው ለውጥ

የላሚን ኤ መቀነስ የካንሰር ሕዋስን ጠባይ ቢያንስ በሁለት መንገድ ይለውጣል። አንደኛው የመተላለፍ ችሎታ ነው። የሕዋሱ ሌላ አካል በቀላሉ ስለሚተጣጠፍ በጠባብ ቀዳዳ የሚያዘው አስኳሉ ነው፤ አስኳሉ ከለሰለሰ ግን ሕዋሱ ሾልኮ ያልፋል። ሁለተኛው የዘረ መል ቁጥጥር ነው። ላሚን ኤ የሕዋስን መባዛት የሚገታውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ከመፍረስ ይጠብቃል። በዘር የሚተላለፍ የአርቢ ጉድለት ያለባቸው ልጆች ለዓይን ካንሰርና ለኦስቲዮሳርኮማ የተጋለጡ መሆናቸው የዚህን ፕሮቲን አስፈላጊነት ያሳያል።

በአጥንት ሳርኮማ ላይ ግልጽ ማስረጃ ካቀረቡት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ኢዊንግ ሳርኮማ የታተመው ነው። በጥናቱ መሠረት የላሚን ኤ ዘረ መል ሥራ ዝቅተኛ በሆነባቸው ሕሙማን በሽታው ይበልጥ አስከፊ ነበር። በቤተ ሙከራም ላሚን ኤ ያነሳቸው ሕዋሳት ፈጥነው ተንቀሳቅሰዋል፤ በእንስሳት ላይ ደግሞ ብዙ ሥርጭት አስከትለዋል። ላሚን ኤ ሲጨመርላቸው የመውረር ኃይላቸው ቀንሷል። ኮሌስትሮልን ለመቀነስ በሚያገለግሉት ስታቲን በተባሉት መድኃኒቶች አማካይነትም ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። ሆኖም ይህ የቤተ ሙከራ ግኝት በመሆኑ ስታቲንን ለሳርኮማ ሕክምና ለማዘዝ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ነገሩ «ላሚን ባነሰ ቁጥር ካንሰሩ ይበረታል» ተብሎ የሚደመደምም አይደለም። ላሚን ኤ ከመጠን በላይ ያነሰው ሕዋስ በጠባብ መንገድ ሲጨመቅ ሊሞት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቧል። ከሞት ያመለጠውም አስኳሉ ተቀዶ ዲ.ኤን.ኤው ሊጎዳ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2016 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ጉዳት አዳዲስ የዘረ መል ለውጦችን ሊያመጣ ይችላል።

ለጋሞ ዞን የጤና ባለሙያ ያለው ትርጉም

የላሚን ልኬት መደበኛ የሳርኮማ ምርመራ አይደለም። ይሁን እንጂ ከላይ የተገለጸው ሁሉ አንድ ተግባራዊ እውነት ያጠናክራል፤ የሳርኮማ ሕዋስ ለመጓዝ የተመቸ ስለሆነ የባከነ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። የተሟላ ሕክምና ባለባቸው አገሮች፣ ሥርጭት ሳይታይባቸው ከተደረሰባቸው የኦስቲዮሳርኮማ ሕሙማን ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ሥርጭት ከታየ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 30 በመቶና ከዚያ በታች ይወርዳል።

ከቦንኬ ወይም ከካምባ የሚነሣ ሕመምተኛ አርባ ምንጭ ለመድረስ ረጅም መንገድ አለበት። ከዚያም አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በጉልበት ላይ የሚወጣ እብጠት በጨዋታ ላይ ከደረሰ ውልቃት ጋር ተያይዞ ወደ ወጌሻ ሊወሰድ፣ በጤና ተቋምም የአጥንት ኢንፌክሽን ወይም ቲቢ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሊታከም ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ማስተዋል ያስፈልጋል፦

1. በልጅ ወይም በወጣት ላይ ለሳምንታት የቆየ፣ በተለይ ሌሊት የሚብስ የአጥንት ሕመም፣ ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ካለ ሳይታሽ ራጅ መነሣት ይኖርበታል።

2. በራጅ ላይ የአጥንት መበላት፣ የአጥንት ልባስ መነሣት ወይም እንደ ፀሐይ ጨረር የተበተነ አዲስ አጥንት ከታየ የደረት ምርመራ ተጨምሮ ሕመምተኛው በአስቸኳይ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ አለበት።

3. ናሙና የሚወሰድበት ቦታ በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ መወገድ ስላለበት፣ ናሙናውን ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው ቡድን ቢወስድ ይመረጣል።

4. የአጥንት ናሙና በጠንካራ አሲድ ሲለሰልስ ዲ.ኤን.ኤውና ፕሮቲኖቹ ይጎዳሉ። ስለዚህ ለስላሳው የዕጢ ክፍል ተለይቶ በፎርማሊን ቢቀመጥ ወይም አጥንቱ በኢዲቲኤ ቢለሰልስ ለወደፊት የሞለኪውል ምርመራ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የአስኳል መዋቅራዊ ፕሮቲኖች ለሕዋሱ ቅርጽ ከመስጠት አልፈው መባዛቱንና መንቀሳቀሱን ይቆጣጠራሉ። ይህ ዕውቀት ነገ ለሕክምና ሊውል ይችላል። ለዛሬው ግን የአንድን ወጣት ሕይወት ሊያተርፍ የሚችለው፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ጉልበቱን የመረመረው ባለሙያ ሳርኮማን መጠርጠሩና ሳይዘገይ ወደሚቀጥለው የሕክምና ደረጃ መላኩ ነው።