ቪዛ ተመታ ማለት ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም

ወላይታ ሶዶ ለሙዚቃ የሚሆን ልጅ አጥታ አታውቅም። የወላይታ ምት ሲጀመር ሠርግ ቤት ቁጭ ብሎ የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ድግስ ሲያስቡ ዱንጉዛ የለበሰ ተወዛዋዥ፣ ክራርና ከበሮ የያዘ ልጅ ይፈልጋሉ። ግብዣው ሲመጣ ግን ወሬም አብሮት ይመጣል። ሙሉ በሙሉ ሐሰት የሆነውን ወሬ ማንም አይሰማውም። ተጓዡን የመጀመሪያው ቀን ላይ ጉድ የሚሠራው ግማሹ እውነት የሆነው ነው።

አንደኛው፣ «ባንድ ይዞ የወጣ አይመለስም» የሚለው ነው። ምክንያት አለው። ዋልያስ ባንድ በ1981 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ዞሮ ሲጫወት ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነን ጨምሮ አራቱ እዚያው ቀሩ። ቀሪዎቹ ግን ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ማንም አያወራም። ከዚያ በፊት፣ በ1969 (እ.ኤ.አ.)፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆና ክራሩን ይዞ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። በእኛም ዘመን የፈንድቃው ተወዛዋዥ መላኩ በላይ ከባንዱ ከኢትዮከለር ጋር አውሮፓና አሜሪካ ደጋግሞ ተመላልሷል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ለ) አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ ጠያቂ ሊቀር ነው ብሎ ይነሣል፤ አልቀርም ብሎ ማስረዳት የጠያቂው ድርሻ ነው። ስለዚህ ሄዶ የተመለሰ ባንድ ለሚቀጥለው ጉዞ በእጁ ማስረጃ አለው ማለት ነው።

«ቪዛው ከተመታ አለቀ» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብን። ቪዛ እስከ ድንበሩ ያደርሳል። የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው በዚያ የተቀመጠው መኮንን ነው። መኮንኑ ደግሞ ለምን እንደመጡ፣ ማን እንደጋበዘ፣ የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ ይጠይቃል፤ የባንዱን አባላትም አንድ በአንድ ሊጠይቅ ይችላል። ከበሮ መቺው «ኮንሰርት አለን» ሲል ተወዛዋዧ «ዘመድ ጥየቃ ነው» ካለች ነገሩ ተበላሸ። «ለጉብኝት ነው በሉ» የሚለው የአዋቂ መሳይ ምክር ስንቱን ከአየር ማረፊያ መልሷል። በአሜሪካ በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ለክፍያ መድረክ ላይ መውጣት አይፈቀድም። የአንድ ሕዝብ መለያ የሆነ ባህላዊ ጥበብ ለሚያቀርቡ ሰዎች ፒ-3 የሚባል ቪዛ አለ፤ ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚያስገባው እዚያ ያለው ጋባዥ ነው። የሸንገን ቪዛ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም፤ ለሙዚቀኛ ከዚያ ሌላ የሥራ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ነው። ይህን ማናጀሩ ያውቀዋል ብሎ መተኛት አያዋጣም። መኮንኑ ፊት የሚቆመው ባለ ፓስፖርቱ ነው።

ቀጥሎ ያለው የሰዓት ነገር ነው። የሚያስቅ ይመስላል፤ ያመለጠውን ሰው ግን አያስቀውም። ቲኬቱ «ዓርብ 00:30» ካለ በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ሌሊት 6፡30 ነው። ዓርብ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በዚህ ላይ ከሶዶ አዲስ አበባ በሆሳዕናም ሆነ በሻሸመኔ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። «በረራው የማታ ስለሆነ ጠዋት ከመናኸሪያ ብንነሣ ይበቃናል» ማለት ጎማ አይፈነዳም ብሎ መወራረድ ነው። በዋዜማው ገብቶ ማደር ይሻላል።

ስለ መሣሪያ ብዙ ይወራል። «የአውሮፕላኑ ጭነት ክፍል አየር ስለሌለው ክራሩ ይሰነጠቃል» ይባላል። የትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖች ጭነት ክፍል የአየር ግፊቱ ከመንገደኛው ክፍል ጋር አንድ ነው። እንጨትና ቆዳን የሚጎዳው ድርቀቱ፣ ቅዝቃዜውና የሻንጣ ጫኚው እጅ ነው። ስለዚህ ክሩን ጨርሶ ሳይፈቱ ትንሽ ማላላት፣ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ደግፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። «በእጄ ይዤው እገባለሁ» ለሚል ደግሞ፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ክፍል የእጅ ሻንጣ ልኩ 7 ኪሎ ነው፤ ቁመቱም የተወሰነ ስለሆነ ረጅም ክራር ላያልፍ ይችላል። አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከበሮው ሌላ ጣጣ አለው። «ቆዳ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አባ ሰንጋን ረስቷል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለንደን ውስጥ ከውጭ በመጣ ጥሬ ቆዳ ከበሮ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ የለንደኑ ሞቷል። ጉምሩክ ፀጉሩ ያልረገፈ ከበሮ ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በደንብ የለፋ ቆዳ ያለውን መውሰድ፣ ቅጹ ላይም ሳይደብቁ ማስመዝገብ ነው። ከቤት የተገኘ የአያት ዘመን መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከዚሁ ከቦሌ ይጀምራል፤ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ስለ ክትባቱ ቢጫ ካርድም በአጭሩ። «10 ዓመት ሲሞላው ይታደሳል» የሚለው የቀረ ነገር ነው፤ ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነገር ግን ሥራ ላይ የሚውለው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ ክሊኒክ መሮጥ ዋጋ የለውም።

የገንዘቡ ወሬ ከሁሉ ጣፋጭ ነው፤ «እንደወረድን ዶላሩን እንቆጥራለን» ይባላል። ክፍያ ብዙ ጊዜ ከመድረክ በኋላ ነው፤ ከዚያም ላይ ግብር ይነሣል። አሜሪካ ከውጭ አገር ሙዚቀኛ ክፍያ ላይ በመደበኛው 30 በመቶ፣ እንግሊዝ 20 በመቶ ከምንጩ ይቀንሳሉ። አዘጋጁ የነገራችሁ ሒሳብ ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ካልጠየቃችሁ፣ ጠቡ እዚያው ሆቴል ውስጥ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የደረሰ ሰው ሰውነቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ካለ ሰዓት ጋር እየታገለ ነው፤ በዚያ ድካም ላይ የክፍያ ክርክር አይጨመርም።

ስለዚህ ከሶዶ ከመነሣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ የግብዣውን ደብዳቤ፣ የውሉን ቅጂና የመመለሻ ቲኬቱን በየራሳችሁ ቦርሳ ያዙ። ክፍያው ከግብር በፊት ይሁን በኋላም በውሉ ላይ በጽሑፍ አስፍሩ።