ቴፍሎኑ ምን ሊሠራ?

የሞተርሆም ማስተካከያ ክሪክ ከቱቦው መጋጠሚያ ዘይት ሲያንጠባጥብ ብዙ ሰው ዳዶውን ፈትቶ ቴፍሎን ይጠቀልላል። 37 ዲግሪ ሾጣጣ ባለው ፊቲንግ ላይ ግን ዘይቱን የሚያግደው ጥርሱ ሳይሆን ሁለቱ ብረቶች ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ቦታ ነው፤ ጥርሱ ሥራው መያዝ ብቻ ነው። ግፊቱን ለቃችሁ፣ መኪናውንም በክሪኩ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ አቁማችሁ ፍቱትና ያን ፊት በባትሪ እዩት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ፊቲንጉ ይቀየር።

«ጠቅልዬ ቆሞልኛል» የሚል አይጠፋም። ያቆመው ግን ቴፍሎኑ ሳይሆን እንደገና መጥበቁ ሊሆን ይችላል፤ የተቆራረጠው ቴፍሎን ደግሞ ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ክሪኩን አልሰበሰብ ሊያሰኘው ይችላል። (ጫፉ እየቀጠነ ለሚሄድ ጥርስ ማሸጊያ ያስፈልጋል፣ እሱ ሌላ ነው።) «እንግዲያው ጨክኜ ላጥብቀው» ማለትም አያዋጣም፤ ከልክ ያለፈ ጉልበት ሾጣጣውን ይሰነጥቃል። በእጅ አስገብቶ፣ ቱቦው እንዳይጠመዘዝ በሁለተኛ ቁልፍ ይዞ፣ አምራቹ ባስቀመጠው ልክ ማጥበቅ ነው።