ተጨማሪ መረጃ፦ አልነሳ ያለ ኮምፒውተርና ራንሰምዌር
በየካ ክፍለ ከተማ፣ መገናኛ አካባቢ ወዳሉት የጥገና ሱቆች «አልነሳ አለ» ተብሎ የሚመጣ ላፕቶፕ ሁሉ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም። አንዳንዴ ምክንያቱ ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው፤ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተዛመተው ዋናክራይ 150 ያህል አገሮችን አዳርሶ በየኮምፒውተሩ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠይቋል።

ራንሰምዌር ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ከዚያ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ ጸረ ቫይረስ ያለበት የማስነሻ ፍላሽ አዘጋጁ። ዴል ከሆነ ሲበራ ኤፍ12ን ደጋግማችሁ ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ፤ የተበከለው ዊንዶውስ ሳይነሳ ዲስኩ ይፈተሻል።

ቫይረሱ ጠፋ ማለት ግን ፋይሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የተቆለፉትን ፋይሎች ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ለአንዳንዶቹ ነጻ መክፈቻ «ኖ ሞር ራንሰም» ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣልና ለፖሊስ አመልክቱ።