ከቄለም እስከ ገነተ ልዑል፤ የልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ሕይወትና የትውልድ ሐረግ

በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የሚገኘው ሰፈር ኮልፌ ቀራንዮ ተብሎ ሲጠራ፥ ስሙን በየቀኑ የምንጠቅሰው ሁላችን ትርጓሜውን እናስተውለዋለን ለማለት አይቻልም። ቀራንዮ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ሲሆን የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው። አባቶቻችን ሲያስተምሩ ደግሞ፥ ጌታ በተሰቀለበት በዚያ ስፍራ ሥር የአዳም አጽም እንደ ነበረ፥ የመድኃኒታችንም ደም በመጀመሪያው አባታችን ራስ ላይ እንደ ፈሰሰ ይናገራሉ። እንግዲህ ቀራንዮ የሚለው ስም ራሱ የትውልድን ነገር ያስታውሰናል። ከአንድ አባት የተወለድን መሆናችንን፥ ከአባቶቻችንም በጎውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም የምንወርስ መሆናችንን ያመለክታል።

በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ከጉራጌ፥ ከጋሞ፥ ከወለጋ፥ ከጎጃምና ከመንዝ የመጡ ቤተሰቦች ተጎራብተው ይኖራሉ። ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ሲያድጉም እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች «የማን ልጅ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ስለምታዝ፥ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የወላጆች ግዴታ ሆኖ ቆይቷልና። ሆኖም ይኸው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ሌላ መንፈስ ይገባበታል። ዘመድ ለመለየት የተጀመረው ቆጠራ ሰውን ለማክበርና ለመናቅ መለኪያ ይሆናል። ይህን ነገር በምሳሌ ለማየት ያመቸን ዘንድ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የልጅ ካሣ ወልደ ማርያምን ሕይወትና ትውልድ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን።

ልጅ ካሣ የተወለዱት በምዕራብ ወለጋ፥ ቄለም በሚባለው አገር ይገዙ ከነበሩት ከደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ዘር ነው። የጆቴ መኖሪያ በሰዮ፥ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ አካባቢ ነበር። አገሩ ቡና የሚበቅልበት፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚነገድበት፥ ወደ ጋምቤላና ወደ ባሮ ወንዝ የሚወርደውም የንግድ መንገድ የሚያልፍበት ነው። በነቀምት በኩል ደግሞ የሞሮዳ በከሬ ቤት ነበረ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ኩምሣ ሞሮዳ፥ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፥ ገዝተዋል። እነዚህ ሁለት የሌቃ ቤቶች በወለጋ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን የሚጠሩ ናቸው።

የሁለቱም ዕድል የተለወጠው በ1874 ዓ.ም. ከተደረገው ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ነው። በዚያ ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ስላደረጉ፥ ከጊቤ ማዶ ያለው አገር ወደ ማን ያደላ እንደ ሆነ ታወቀ። ራስ ጎበና ዳጬ ወደ ምዕራብ ባደረጉት ዘመቻና ስምምነት የሌቃ ገዢዎች ለምኒልክ ገበሩ። ጆቴም የደጃዝማችነት ማዕረግ ተቀብለው አገራቸውን እየገዙ ግብር የሚልኩ ሆኑ። ስለዚህ ልጅ ካሣ የወረሱት ስም ሁለት ገጽ ያለው ነው። አንደኛው ራሱን ችሎ የኖረ የኦሮሞ ሞቲ ስም ሲሆን፥ ሁለተኛው ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የገበረ ባላባት ስም ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ የዘር ሐረጉን ጠንቅቆ ቢመረምር እንዲህ ያለውን ሁለት ገጽ ማግኘቱ አይቀርም።

ልጅ ካሣ ያገቡት ልዕልት ሰብለ ደስታን ነው። ልዕልት ሰብለ የልዕልት ተናኘ ወርቅ ኃይለ ሥላሴና የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ፥ የንጉሠ ነገሥቱም የልጅ ልጅ ናቸው። በዚህ ጋብቻ የቄለም ቤት ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋር ተዛመደ። በሙሽራይቱ ወገን ያለው ትውልድ ደግሞ ለአገር ደም ያፈሰሰ ትውልድ ነው። አያታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ወደቁ። አባታቸው ራስ ደስታ በደቡብ ግንባር ከጠላት ጋር ሲዋጉ ቆይተው፥ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ ተገደሉ። ልዕልት ሰብለም ገና በልጅነታቸው አባት አልባ ሆነው በስደት አገር አደጉ። ከታላላቅ ቤት መወለድ ከሐዘን እንደማያድን ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ነገር እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በኋላ ይህ ኮሌጅ ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፥ ከጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፥ ከምሕንድስናና ከሕንፃ ኮሌጆች፥ እንዲሁም ከቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የምረቃው በዓል የተከበረው ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲሆን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤት ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ይህ ቤት ከአንድ ዓመት በፊት፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣው ግርግር ጊዜ፥ ራስ ሥዩም መንገሻንና ራስ አበበ አረጋይን የመሳሰሉ መኳንንት በጥይት የተገደሉበት ቤት ነው። ደም የፈሰሰበት አዳራሽ ለትምህርት መዋሉ ብዙ ያሳስባል። ዛሬም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ቤተ መዘክሩ በዚያው ቤት ይገኛሉ።

ልጅ ካሣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ገና በወጣትነት ዕድሜ ላይ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለነበሩ፥ «ሹመቱ በዕውቀት ነው ወይስ በጋብቻ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። እኛም ይህን ጥያቄ ደብቀን ማለፍ አይገባንም። የቤተ መንግሥት ዘመድ መሆን በር የሚከፍት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ሰውየው ምን እንደ ሠራ መመርመር የፍርድ ሚዛን ነው።

በእርሳቸው ዘመን የሕግ ትምህርት ክፍልና የሕክምና ትምህርት ክፍል ተቋቋሙ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ተመሠረተ፤ የአገሪቱ መጻሕፍት፥ ሥዕሎችና ቅርሶች ተሰብስበው የሚጠበቁበት ቦታ ተገኘላቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን በቤተሰብ ዘንድ የሚታወሰው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ይኸውም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ደንብ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። አብዛኞቹ ወጣቶች በየአውራጃው አስተማሪዎች ሆኑ። በአዲስ አበባ ያደገው ልጅ ባላገሩ በምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር አየ፤ በሩቅ አውራጃ የሚኖረው ሕፃን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተማሪ አገኘ። ዛሬ በዕድሜ ከገፉት አባቶቻችንና እናቶቻችን መካከል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በእነዚያ ወጣቶች የተማሩ ብዙዎች ናቸው።

ይሁንና ባላገሩን ያየ ወጣት የባላገሩን ጥያቄ ይዞ መመለሱ አይቀርም። በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ወር ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰልፉና የትምህርት ማቆሙ እየበረታ ሄደ። ፕሬዚዳንቱም ከሁለት ወገን ተያዙ። ቤተ መንግሥቱ ተማሪዎቹን ጸጥ እንዲያሰኙ ይጠብቅባቸዋል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ የባላባት ልጅና የንጉሥ አማች መሆናቸውን አይረሱላቸውም። የመሬት ጥያቄ ከባለ ርስት ቤት ለተወለደ ሰው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የአባቱን ቤት የሚነካ ጥያቄ ነው። በዚህ ስፍራ ነው የአንድ ሰው ትውልድ ከሥራው ጋር የሚጋጨው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ልጅ ካሣ ሥራውን ለዶክተር አክሊሉ ሀብቴ አስረከቡ። ዶክተር አክሊሉ ከአስተማሪነት ተነሥተው የትምህርት ፋኩልቲ ዲን የነበሩ ምሁር ናቸው። በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ተከታትለው መቀመጣቸው የዘመኑን መለወጥ የሚያሳይ ነው። ከዚህ በኋላ ልጅ ካሣ ወደ አባቶቻቸው አገር ወደ ወለጋ በእንደራሴነት ተላኩ፤ ቀጥሎም የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ። ያ ዘመን የወሎ ሕዝብ በረኃብ ያለቀበት ዘመን ስለነበረ፥ በሹመት ላይ የነበሩት ሁሉ ከባድ ጥያቄ ሲነሣባቸው ኖሯል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ እንደ ሌሎቹ ባለ ሥልጣኖች ሁሉ እርሳቸውም ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚያህሉ እስረኞች ያለ ፍርድ በተገደሉ ጊዜ፥ ከሟቾቹ አንዱ የባለቤታቸው ወንድም ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ። ልዕልት ተናኘ ወርቅና ሴቶች ልጆቻቸውም ወደ ወኅኒ ገብተው ለአሥራ አራት ዓመት ያህል ታስረው ኖሩ። ልጅ ካሣ ዓመታትን በእስር ካሳለፉ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሕይወታቸው በግፍ አልፏል።

ለክርስቲያን ቤተሰብ ከሞት የሚከፋ ሌላ ሐዘን አለ። እርሱም የሟቹን መቃብር አለማወቅ ነው። በዚያ ዘመን የብዙ እስረኞች ሬሳ ለዘመድ አልተሰጠም፤ ሞታቸውም አልተነገረም። ያልተረዳ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ አርባውና ሰማንያው አይወጣለትም፤ ሙት ዓመቱም አይዘከርለትም። ሚስት ባልዋ ይመለስ እንደ ሆነ ስትጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ። የፓትርያርኩ አጽም እንኳ የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ፥ መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፥ በክብር ያረፈው በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ባላባትም ይሁን ድሀ፥ በዚያ ዘመን ልጁን ያጣ ቤት ሁሉ ይህን ሐዘን በአንድነት ቀምሶታል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? «ዘር ከልጓም ይስባል» እያልን የምንናገረው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ትውልድ ልጅ ካሣን ወደ ላይ ስቦ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ያው ትውልድ ደግሞ ወደ ወኅኒ ስቦ አስገባቸው። ሹመታቸውን በዘር የለኩት ሰዎችና ሞታቸውን በዘር የወሰኑት ሰዎች በአሳብ ቢለያዩም በሚዛን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰውየውን ትተው አባቱን አይተዋልና። በመካከሉ ያለው የሰባት ዓመት ሥራ ግን የእርሳቸው የራሳቸው ነው፤ ማመስገንም ሆነ መውቀስ የሚገባን በእርሱ ነው።

ወንጌላዊው ማቴዎስ መጽሐፉን የጀመረው በትውልድ ቆጠራ ነው። ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ሦስት ጊዜ አሥራ አራት ትውልድ ሲቆጥር፥ ነገሥታቱን ብቻ መርጦ አልጻፈም። ሞዓባዊቱ ሩትና የኢያሪኮዋ ረዓብ በዚያ ሐረግ ውስጥ አሉ፤ የኦርዮ ሚስት ስትጠቀስ የዳዊት ኃጢአትም አብሮ ይታወሳል። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማረን የዘር ቆጠራ የሚያሳፍረውን ሳይደብቅ፥ እንግዳውንም ሳያስወጣ የሚጻፍ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ በየቤታችሁ አንድ ደብተር አዘጋጁ። አባትን፥ አያትን፥ ቅድመ አያትን፥ ምንጅላትን፥ እስከ ሰባት ቤት የምታውቁትን ሁሉ በሁለቱም ወገን ጻፉ፤ የእናት ወገን እንዳይረሳ ተጠንቀቁ። ከዓለም ስማቸው አጠገብ የክርስትና ስማቸውን ጨምሩ፤ በጸሎት የሚታሰቡት በዚያ ስም ነውና፥ ሽማግሌው ካለፈ በኋላ የሚነግራችሁ አይገኝም። የተወለዱበትን አገር፥ የሠሩትን ሥራና የተቀበሩበትን ደብር መዝግቡ። መቃብሩ ያልታወቀ ዘመድ ካለ ያንኑ ሳትሸሽጉ ጻፉ። ልጆቻችሁ ይህን ሲያነቡ ለመኩራት ወይም ለማፈር ሳይሆን፥ ለማን መጸለይ እንደሚገባቸውና ምን ማቅናት እንደሚገባቸው ለማወቅ ይሁን።

በቀራንዮ ጥላ ሥር የምንኖር ሁላችን፥ የትውልዳችን መጀመሪያ አንድ አዳም፥ የተስፋችንም መጀመሪያ አንድ መስቀል መሆኑን አንርሳ። ያለ መቃብር የቀሩትንም ሁሉ እግዚአብሔር በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።